በአንድ ገመድ የታሰሩ፤ የተራራ መሪው የሊዮኔል ቴሬ ታሪክ

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዛዦች፣ አዲስ አገር ስላገኙ መርከበኞችና አዲስ መሣሪያ ስለ ፈለሰፉ ሊቃውንት ብዙ እናነባለን። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለዓለም ምን እንደ ጠቀመ ለመናገር አያስቸግርም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ገደል ሲቧጥጥና በበረዶ ላይ ሲንሸራተት የኖረ ሰው ታሪክ ቢቀርብልን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አፋችን የሚመጣው ጥያቄ «ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ተራራው ከተወጣም በኋላ ያው ተራራ ነው። በጫፉ ላይ የሚታረስ መሬት የለም፤ የሚቆፈር ወርቅም የለም።

ይህን ጥያቄ ከማንም አስቀድመው ራሳቸውን የጠየቁት ተራራ ወጪዎቹ ናቸው። ፈረንሳዊው የተራራ መሪ ሊዮኔል ቴሬ በ1961 የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ፣ የመጽሐፉን ርእስ በእኛ ቋንቋ «የማይጠቅመውን ነገር ድል አድራጊዎች» እንደ ማለት አድርጎ ሰየመው። እንግዲህ ሰውየው ጥቅም አለው ብሎ አልተከራከረም። እኛ ግን የዚህን ሰው ታሪክ ስንመረምር፣ ከተራራው ጫፍ ይልቅ ወደ ጫፉ የሚያደርሰውና ከጫፉ የሚመልሰው ገመድ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን የተራራ መሪ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንግለጽ። በፈረንሳይ አገር፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል፣ ሻሞኒ የምትባል ከተማ አለች። በላይዋ የቆመው ሞን ብላን ከፍታው 4,800 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከእኛው ከራስ ዳሸን በጥቂት መቶ ሜትር የሚበልጥ መሆኑ ነው። ነገር ግን የአልፕስ አገር ከምድር ወገብ የራቀ ስለ ሆነ፣ የተራራው ራስ በጋ ከክረምት እንደ ባዘቶ በነጣ በረዶ ተሸፍኖ ይኖራል። የዤኔቩ ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር በ1760 ወደ ጫፉ የሚያደርስ መንገድ ላገኘ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1786፣ ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪኤል ፓካርና ከተራራ የከበረ ድንጋይ እየለቀመ ይተዳደር የነበረው ዣክ ባልማ ጫፉን ረገጡት።

ከዚያ ወዲህ እንግዶች ከየአገሩ ይመጡ ጀመር፤ የሻሞኒ ገበሬዎችና እረኞችም መንገድ እየመሩ ገንዘብ ማግኘት ያዙ። ሥራው ግን ከሞት ጋር የተጎራበተ ነበር። በ1820 አንድ ቡድን ወደ ሞን ብላን ሲወጣ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሦስት መሪዎችን ገደለ። ከዚህም የተነሣ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1821፣ የሻሞኒ የተራራ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የሥራ ተራ የሚያስይዝ፣ ለተጎዱትም የሚረዳ ነበር። ብዙ ዘመንም ከሸለቆው ተወላጅ በቀር ለሌላ ሰው በሩን በቀላሉ አይከፍትም ነበር።

የመሪው ሥራ እንዲህ ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ብዙ ጊዜም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ፋኖስ ይዞ ይነሣል፤ በሌሊት ውርጭ የጠነከረው በረዶ የሰውን ክብደት ይችላልና፣ ፀሐይ ከሞቀች ግን በረዶው ይላላል፣ ድንጋይም ይናዳል። መሪውና ደንበኛው በወገባቸው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። ሲወጡ መሪው ይቀድማል። በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ የብረት ችንካር እየመታ፣ ገመዱን በዚያ እያሳለፈ ይሄዳል። ከመጨረሻው ችንካር አምስት ሜትር አልፎ ሳለ እጁ ቢከዳው፣ አምስቱን ሜትር ወደ ችንካሩ፣ አምስቱን ደግሞ ከችንካሩ በታች፣ በጠቅላላው አሥር ሜትር ይወድቃል። ተከታዩ ግን ከላይ በመሪው ስለሚያዝ ቢንሸራተትም ሩቅ አይሄድም። ሲወርዱ ተራው ይገለበጣል፤ ደንበኛው ይቀድማል፣ መሪው ኋላ ይቀራል። እንግዲህ በመውጣትም ሆነ በመውረድ ብርቱው አደጋ የመሪው ድርሻ ነው ማለት ነው።

በክረምት ደግሞ ገደሉ በበረዶ ስለሚዘጋ መሪው በስኪ ይተዳደራል። ስኪ ከእግር ጋር የሚታሰር ረጅም ቀጭን ሳንቃ ሲሆን፣ በሰሜን አውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የበረዶ አገር ሰው መሄጃ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ አልፕስ ተሻገረ፤ በ1924ም የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ጨዋታ በሻሞኒ ተደረገ። ስለዚህ በበጋ ገደል የሚያወጣው ሰው በክረምት ስኪ አስተማሪ ይሆናል።

ሊዮኔል ቴሬ ሐምሌ 25 ቀን 1921 በግረኖብል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የተማረና ኑሮው የተደላደለ ነበር፤ አባቱ ሐኪም ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በስኪ ላይ ቆመ፣ አድጎም በውድድር ይታወቅ ጀመር። ወላጆቹ ስኪውን ቢወዱለትም ገደል መውጣቱን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በትምህርት ቤት አልሆነለትም። ይህን የምንጽፈው ለእኛ ለተማሪዎች ምሳሌ ይሁን ብለን አይደለም፤ ታሪኩ እንዲህ ስለ ሆነ ነው። ደግሞም በኋላ ዘመን ያን የመሰለ መጽሐፍ መጻፉ፣ ከትምህርት ገበታ የራቀ ሰው ከትምህርት ጨርሶ ተለየ ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1941፣ ወጣቶችን በተራራ ላይ በሚያሠለጥን ድርጅት ውስጥ ገባ። እዚያም የማርሴይ ተወላጅ ከሆነው ከጋስቶን ሬቡፋ ጋር ተዋወቀ። ከዚያም ትዳር ይዞ፣ ለሻሞኒ ቅርብ በሆነችው በሌ ዙሽ የእርሻ ቦታ ያዘ። ላም እያለበ፣ ድርቆሽ እያጨደ፣ እንጨት እየፈለጠ፣ ትርፍ ጊዜውን ለገደሉ ያውል ነበር። በ1944 ወራሪውን ጦር ከሚወጋ የተራራ አርበኞች ጭፍራ ጋር ተቀላቅሎ በአልፕስ ድንበር ላይ ተዋጋ። ሰላም ሲሆን የተራራ መሪነትንና የስኪ አስተማሪነትን ዋና ሥራው አደረገ። በክረምት ባሕር ተሻግሮ በካናዳ፣ በኬቤክ፣ ስኪ ያስተማረበት ጊዜም አለ። የሻሞኒ ማኅበር የሸለቆው ተወላጅ ሳይሆን ከተቀበላቸው ጥቂት ሰዎች እርሱም አንዱ ሆነ።

በ1945 ሉዊ ላሽናል ከሚባል የአኔሲ ከተማ ወጣት ጋር ተገናኘ። ላሽናል ቀጭንና ፈጣን ነበር፤ ቴሬ ደግሞ ደንዳናና ታጋሽ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላው ስለ ነበር፣ በአንድ ገመድ ታስረው ብቻቸውን የማይችሉትን ቻሉ። በስዊስ አገር የሚገኘው የአይገር ተራራ ሰሜናዊ ገደል 1,800 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሲሆን፣ በ1935ና በ1936 የሞከሩት ስድስት ሰዎች ሞተውበታል። በ1938 አራት የጀርመንና የኦስትሪያ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት። ከእነርሱ ቀጥሎ፣ ከሐምሌ 14 እስከ 16 ቀን 1947፣ ይህን ገደል የወጡት ላሽናልና ቴሬ ናቸው። በዚህም ስማቸው በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ግን የዝናቸውን ሳይሆን የወዳጅነታቸውን ፈተና ነው። በ1950 በሞሪስ ኤርዞግ የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን ወደ ኔፓል ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት 14 ተራሮች አንዱን እንኳ የወጣ ሰው አልነበረም። ቡድኑ ካርታው የተሳሳተ ስለ ነበር ብዙ ሳምንት መንገድ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በመጨረሻ 8,091 ሜትር ከፍታ ያለውን አናፑርናን መረጠ።

እንዲህ ባለው ተራራ ላይ ሰፈር በሰፈር እየተሠራ ስንቅና ድንኳን ደረጃ በደረጃ ይጋዛል። ቴሬ ከጓደኞቹ ሁሉ በጉልበት የበረታ ስለ ነበር ወደ ጫፉ ለመውጣት ተስፋ ነበረው። ነገር ግን ለላይኛው ሰፈር የሚያስፈልገው ዕቃ እንዳልደረሰ ባየ ጊዜ፣ ሸክሙን ተሸክሞ ለማድረስ ተነሣ፤ በዚህም ምክንያት ተራው አለፈው። የሼርፓዎች አለቃ የነበረውን አንግ ታርኬንም ኤርዞግ አብሮት እንዲወጣ ቢጋብዘው፣ እግሩ በብርድ እየደነዘዘ መሆኑን ተናግሮ ወደ ታች ተመለሰ። ሰኔ 3 ቀን 1950 ኤርዞግና ላሽናል ጫፉን ረገጡ።

ላሽናል በዚያ ቀን እግሩ እየበረደ መሆኑን ዐውቆ ነበር። የተራራ መሪ ነውና እግሩ ከተቆረጠ እንጀራው እንደሚቆረጥ አልጠፋውም። ለመመለስም አስቦ ነበር። ኤርዞግ ግን ብቻውን እንደሚቀጥል በነገረው ጊዜ፣ ብቻውን ከሄደ እንደማይመለስ ስለ ገመተ ተከተለው። ላሽናል ይህን በጽሑፉ ትቶልናል፤ ጽሑፉ ከሞቱ በኋላ በ1956 እየተቀነሰና እየታረመ ታተመ፣ ሙሉው ለሕዝብ የቀረበው በ1996 ነው። ስለዚህ የአናፑርና ድል ሲነሣ ባንዲራ ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣው የኤርዞግ ስም ብቻ ለብዙ ዓመት ሲጠራ ኖሮ፣ የሌላው ሰው ድርሻ ዘግይቶ ታወቀ።

በዚያ ምሽት ቴሬና ሬቡፋ በመጨረሻው ሰፈር ይጠብቁ ነበር። ኤርዞግ ጓንቱን ጥሎ፣ እጁ እንደ እንጨት ደርቆ ደረሰ። ላሽናል ደግሞ ከድንኳኑ በታች ወድቆ ሲጮኽ ተሰማ። ቴሬ በማዕበሉ ውስጥ ወርዶ ደረሰለት። ላሽናል እግሬን ሳይቆርጡት ሐኪም ዘንድ አድርሰኝ እያለ ለመነው፤ ቴሬ ግን በጨለማ መውረድ ሞት መሆኑን አስረድቶ ወደ ድንኳኑ መለሰው። ሌሊቱን ሁሉ ደም እንዲመለስ ብሎ የጓደኛውን እግር በገመድ ጫፍ ሲገርፍ አደረ። ዛሬ ሐኪሞች ብርድ የመታውን ሥጋ መምታትም ማሸትም እንደሚጎዳው ያስተምራሉ፤ በዚያን ዘመን ግን የሚታወቀው መድኃኒት ይኸው ነበር።

ሲነጋ የላሽናል እግር አብጦ ጫማው አልገባ አለ። ቴሬ የራሱ ጫማ ሰፊ ነበርና አውልቆ ለጓደኛው አጠለቀለት። ከዚያም የላሽናልን ጠባብ ጫማ በቢላዋ ሰነጠቀና እንደ ምንም ብሎ የራሱን እግር አስገባበት። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ጠባብ ጫማ ደምን አግዶ እግርን እንደሚያሳጣ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ብዙ ክርክር ሳያደርግ እንደዚህ አደረገ።

መከራው ግን ገና አላበቃም። አራቱ ሰዎች በማዕበሉ ውስጥ መንገድ ጠፍቶባቸው ሲንከራተቱ ዋሉ። ሊመሽ ሲል ላሽናል በበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ፤ ጉድጓዱም መጠለያ ሆነላቸውና በአንድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ አራቱም እግራቸውን ከትተው አደሩ። ጎሕ ሲቀድ በረዶ ተንዶ ጫማቸውንና ዕቃቸውን ቀበረው። በበረዶው ውስጥ ሲዳብሱ ቆይተው ጫማቸውን አገኙ። ሲወጡ ግን ቴሬና ሬቡፋ ትናንት መንገድ ለማየት ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ስለ ነበር፣ የበረዶው ነጸብራቅ ዐይናቸውን አሳውሮት ነበር። ማየት የሚችሉት መራመድ አይችሉም፤ መራመድ የሚችሉት ማየት አይችሉም። ጓደኛቸው ማርሴል ሻትዝ ደርሶ ባያገኛቸው ኖሮ ታሪካቸው እዚያው ያበቃ ነበር። ኤርዞግና ላሽናል የእግራቸውን ጣቶች ሁሉ አጡ፤ ኤርዞግ ከእጁ ጣቶችም የሚበዙትን አጣ። ከዚያ ተራራ ሥር እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሁለቱን የተሸከሟቸው የሼርፓዎችና የኔፓል ተሸካሚዎች ጀርባ መሆኑንም መርሳት አይገባም።

ላሽናል ከብዙ ቀዶ ጥገና በኋላ እንደ ገና ተራራ ወጣ፣ በስኪም ሄደ። ነገር ግን ኅዳር 25 ቀን 1955 ከሻሞኒ በላይ ባለው የበረዶ ግግር ላይ በስኪ ሲወርድ፣ ስስ በረዶ የሸፈነው ስንጥቅ ተከፍቶ ዋጠው። በአይገርና በአናፑርና ያልሞተው ሰው በቤቱ ደጅ፣ በተለመደ መንገድ ሞተ።

በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዣን ቫንሳንዶንና ፍራንሷ ኦንሪ የሚባሉ፣ አንዱ ፈረንሳዊ ሌላው ቤልጅካዊ የሆኑ ወጣቶች፣ ሞን ብላንን ሊወጡ ሄደው በብርድ ተያዙ። ሕዝቡ ከሻሞኒ በመነጽር ያያቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በተራራ ላይ ሰውን የማዳን ግዴታ የማን እንደ ሆነ በግልጽ አልተደነገገም ነበር። አንዳንዶች በዚያ ክረምት አዳኞችን መላክ ሌሎች ሰዎችን መግደል ነው ይሉ ነበር፤ ይህም ክርክር ያለ ምክንያት አልነበረም። ቴሬ ግን ፈቃደኞችን አሰባስቦ በእግር ተነሣ፤ ሆኖም ከወጣቶቹ ዘንድ ሳይደርስ መመለስ ግድ ሆነበት። ሊያድናቸው የሄደው የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር በታኅሣሥ 31 ቀን አጠገባቸው ወደቀ። ከሄሊኮፕተሩ የወረዱት ሰዎች ሲተርፉ፣ ሁለቱ ወጣቶች በተሰበረው ሄሊኮፕተር ውስጥ ቀሩ፤ ጥር 3 ቀን 1957ም የማዳኑ ሥራ ተቋረጠ። ቴሬ በዚህ ነገር ተቈጥቶ በአደባባይ ተናገረ፣ ከመሪዎቹም ማኅበር ጋር ተለያየ። እኛ ዛሬ በሞቀ ክፍል ተቀምጠን በዚያ ውርጭ ውስጥ በነበሩት ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ በ1958 የፈረንሳይ መንግሥት በተራራ ላይ ሰውን ማዳንን በመንግሥት ኀላፊነት ሥር አደረገው፤ በሻሞኒም ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ የጃንደርሜሪ ጓድ ተቋቋመ።

በነሐሴ 1957 ደግሞ በአይገር ገደል ላይ ሁለት ጣሊያኖችና ሁለት ጀርመኖች ችግር ላይ ወደቁ። ቴሬ ከሆላንዳዊ ወዳጁ ከቶም ደ ቦይ ጋር ወደ ቦታው ገሠገሠ። ይህ ሰው አስቀድሞ የቴሬ ደንበኛ ነበር፤ በ1952 አብረው በፔሩ ሁዋንትሳን የሚባለውን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተዋል። በአይገር ጫፍ ላይ ስዊሶች፣ ጀርመኖች፣ ጣሊያኖች፣ ፖሎኞች፣ ሆላንዶችና ፈረንሳዮች ተሰበሰቡ። ጦርነቱ ካበቃ 12 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል በጠላትነት የተሰለፉ ነበሩ። አሁን ግን የብረት ገመዱን ለመያዝ አንድ ላይ ቆሙ። የሙኒኩ አልፍሬድ ሄለፓርት ከ300 ሜትር በላይ በብረት ገመድ ወርዶ ጣሊያናዊውን ክላውዲዮ ኮርቲን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ለሁለተኛው ለስቴፋኖ ሎንጊ ቴሬ ራሱ በገመዱ ወረደ፤ ነገር ግን ራዲዮው ስለ ተበላሸ መልሰው ጎተቱት፣ ማዕበሉም መጣ። ሎንጊን ማዳን አልተቻለም፤ ጀርመኖቹም ሞቱ። ከአራቱ የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

የቴሬ የወጣቸው ተራሮች ዝርዝር ረጅም ነው። በ1952 ከጊዶ ማኞን ጋር በፓታጎንያ የፊትስ ሮይን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠ። ግንቦት 15 ቀን 1955 ከዣን ኩዚ ጋር፣ ከፍታው 8,485 ሜትር የሆነውን ማካሉን ወጣ። በሁለቱ ቀጣይ ቀናት የቡድኑ ወጪዎች ሁሉ ተራ በተራ ጫፉን ረግጠው በደኅና ተመለሱ፤ ይህም በዚያን ዘመን ያልታየ ነገር ነበር። በ1962 ዣኑ ለተባለው የኔፓል ተራራ፣ በ1964ም ለአላስካው ሀንቲንግተን ቡድን መሪ ሆነ። በሀንቲንግተን ላይ ወድቆ ክርኑ ቢጎዳም፣ ጓደኞቹ ባዘጋጁለት ገመድ እየተረዳ ከጫፉ ደረሰ። ሌሎችን በገመድ ሲስብ የኖረው ሰው በዚያን ጊዜ ራሱ በሌሎች ገመድ ወጣ።

መስከረም 19 ቀን 1965፣ ማርክ ማርቲኔቲ ከሚባል ወጣት የተራራ መሪ ጋር በተወለደበት አገር አቅራቢያ፣ በቬርኮር፣ ገደል ሲወጣ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 44 ዓመት ነበር። ሁለቱ ሲገኙ በአንድ ገመድ እንደ ታሰሩ ነበሩ።

እንግዲህ መጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ ምን እንመልስ? የአናፑርና ጫፍ ለማንም ምንም እንዳልሰጠ ግልጽ ነው። ለሁለት ሰዎች እንዲያውም ጣታቸውን አስከፈላቸው። ቴሬ ጫፉን ያልረገጠበት የአናፑርና ጉዞ ግን ከሌላው ድሉ ሁሉ ይልቅ ማንነቱን ያሳየናል፤ በዚያ ጉዞ ሸክም ተሸከመ፣ እግር ሲገርፍ አደረ፣ ጫማውን ሰጠ። ገመድ ሁለት ነገር ይሠራል። ብርቱው ደካማውን ይስብበታል፤ ብርቱው ሲወድቅ ደግሞ ደካማው ይይዝበታል፣ ወይም አብሮት ይወርዳል። ይህን ዐውቆ በፈቃዱ የሚታሰር ሰው፣ የሌላው ሰው ሕይወት ከእኔ ሕይወት ጋር አንድ ነው ብሎ የፈረመ ያህል ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ሁላችን ተራራ ወጪዎች አንሆንም። አንዳችን ሐኪም፣ አንዳችን አስተማሪ፣ አንዳችን ነጋዴ ወይም ገበሬ እንሆናለን። ቢሆንም በየሥራችን ቀድመን ከፍ ያለ ቦታ የምንደርስበት፣ ከኋላችን ያለውም ገመዱ እስኪጠብቅለት የሚጠብቅበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ጫፉ ስንት ሜትር እንደ ነበር የሚጠይቀን ሰው ጥቂት ነው። ከእኛ ጋር የተነሡት ሰዎች የት እንዳሉ ግን እንጠየቃለን።